ስምንተኛው ቃል

እኔ ቁጡ ሰው ነኝ። ሆሳዕና ከተማ ያስተማርኩት ሁሉ ይመሰክርብኛል፤ የሚጠራጠር ካለ ጆሮውን ያሳየኝ፣ የጣቴ ምልክት አይጠፋበትም። ያን ጊዜ ደግሞ፣ ሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት መሆኑ ነው፣ ገና ወጣት ነበርኩና ብሶብኝ ነበር። የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼን የእንግሊዝኛ ድርሰት አርሜ ስጨርስ ደሜ ፈላ። አርባ ስምንት ደብተር፣ አንድ ግስ! አባትየው «ሴይ»፣ እናትየዋ «ሴይ»፣ አንዱማ ፈረሱን ሳይቀር «ሴይ» አስብሎታል።

ክፍል ገብቼ ደብተሮቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኳቸው።

«ምን ጉድ ናችሁ እናንተ! ሰው አፉን ሲከፍት ‹አለ› ብቻ ነው? በየቤታችሁ የሚያንሾካሹክ የለም? የሚያማርር የለም? እናታችሁ ስትቆጣችሁና ስትለማመጣችሁ አንድ ነው?»

ሁሉም አንገቱን ደፋ። ጠመኔ አነሳሁና ስምንት ቃል ጻፍኩላቸው። ዊስፐር፣ ማንሾካሾክ። ኮምፕሌን፣ ማማረር። መርመር፣ ማጉረምረም። ኮንፌስ፣ ጥፋትን መናዘዝ። ፕሮሚስ፣ ቃል መግባት። አናውንስ፣ ማስታወቅ። ቤግ፣ መለመን። በመጨረሻ ዲናይ፣ መካድ።

«ሰው በልቡ ያለውን የሚያወጣው በእነዚህ ነው» አልኳቸው። «ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ዓረፍተ ነገር ሠርታችሁ ዓርብ ታስረክባላችሁ።»

እዚህ ላይ ባቆም ምን ነበረበት! ግን ያለፈው ተርም ስለ ቤተሰባችሁ ጻፉ ስላቸው ግማሹ ክፍል አባቱን ፓይለት አድርጎት ነበር። የቦኖሻ በርበሬ ገበሬ ሁሉ በአንድ ሌሊት አውሮፕላን ሲያበርር አደረ። እሱ ትዝ አለኝና ጮኽኩ።

«ደግሞ ከቤታችሁ የሰማችሁትን እውነት ነው የምትጽፉት። የዋሸ ዜሮ! ሰማችሁ? ዜሮ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ምነው ያን ቀን ምላሴን በቆረጠው።

ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ሳርም የጣቢታ ደብተር ላይ ደረስኩ። ጣቢታ የትምህርት ቤታችን አናጢ የባፈና ልጅ ናት። እናቷ የሺንሺቾ ሰው ናት፤ ልጅቷ በአባቷ ሃዲይኛ፣ በእናቷ ከምባትኛ፣ በትምህርት ቤት አማርኛ እያለች አድጋ እንግሊዝኛውን ከሁሉም አስበልጣ የያዘች። ቤተሰቡ ጴንጤ ነው። የጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ዓመት አልፎታል፤ ቁልፉ ቀበሌ ነው፣ ግቢው የእህል መጋዘን ሆኗል። እኔ የማርያም ልጅ ነኝ፣ የአባቴ ቤት ከመንዝ የመጣ፤ የእነሱ ነገር አይመለከተኝም ነበር። ማንበብ ጀመርኩ።

«አባቴ ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገ ጀምሮ ጸሎቱን ያንሾካሹካል።»

ፈገግ አልኩ። ጎበዝ፣ ቃሉ ቦታው ገብቷል። ቀጠልኩ።

«እናቴ መዝሙሩ በጣም ቀስ ተብሎ ይዘመራል ብላ ታማርራለች። ካድሬው በደጃችን ሲያልፍ ታጉረመርማለች። ሐሙስ ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዎች ቤታችን መጥተው ኃጢአታቸውን ይናዘዛሉ...»

ክው አልኩ። እውነቴን ነው፣ እጄ ላይ ያለው ቀይ እስክሪብቶ ወደቀ። ቀና ብዬ ግራ ቀኝ አየሁ፤ ጎረቤቴ ልብስ ታሰጣለች፣ ፊደል መለየቷንም እንጃ፤ እኔ ግን ደብተሩን በነጠላዬ ሸፈንኩት። እግዚኦ! ይቺ ልጅ አባቷን፣ እናቷንና አሥራ አንድ ሰው በገዛ እጇ፣ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቷ፣ ጽፋ አስረክባኛለች! ለምን? እኔ እውነት ጻፉ ስላልኩ። ሌላው ተማሪ እውነት ጻፍ ሲባል «እናቴ ጎመን ተወደደ ብላ ታማርራለች» ብሎ ይገላገላል። የእነዚህ ሰዎች ልጅ ግን እውነት ጻፊ ከተባለች እውነት ትጽፋለች፤ ከእውነትም የትኛው እንደሚመረጥ ቤቷ ማንም አላስተማራትም።

ስምንተኛው ቃል ላይ ስደርስ ዓረፍተ ነገር የለም። «ቲቸር፣ ለዲናይ ፈልጌ አጣሁ። ቤታችን የሚካድ ነገር የለም፤ የሚክድ ሰውም የለም» ትላለች።

ገጹን ያኔውኑ መቅደድ ነበረብኝ። እጄ ግን የአስተማሪ እጅ ነው፤ ልማዱ ያዘውና አረመ። ሰባቱ ላይ ምልክት አደረግሁ፣ ስምንተኛውን በቀይ አሰመርኩ፣ «አንድ ዓረፍተ ነገር ይጎድላል» ብዬ ጻፍኩ፣ ሰባት ከስምንት ሰጠሁ። ደንቤ ደግሞ የታወቀ ነው፤ በቀይ የተሰመረበትን አርሞ በሳምንቱ ያላመጣ ክፍሌ አይገባም። ሰኞ ጠዋት ልጅቷን ለብቻ ጠርቼ፣ ጆሮዋን ይዤ፣ ገጹን አስቀድዳታለሁ ብዬ ወሰንኩ።

ሰኞ ጠዋት ግን ወንዳፈረው ቀደመኝ። ወንዳፈረው ትምህርት ቤታችን ላይ የተመደበው ካድሬ ነው። ከክፍለ ሀገር እንግዶች ስለሚመጡ ኤግዚቢሽን ይዘጋጃል፣ የጎበዝ ተማሪዎች ደብተር ይቀርባል ተብሎ ነበር፤ እኔ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ቆሜ ሳለሁ ጠረጴዛዬ ላይ ያገኘውን ከፍተኛ ማርክ እየመረጠ ሰበሰበ። አርባ ስምንቱ መሀል ሰባት ያገኘችው እሷ ብቻ ናት። ወንዳፈረው እንግሊዝኛ አያውቅም፤ ግን ልጅ ሆኖ ሚሲዮን ቤት ስለተማረ አንድ ቃል አልጠፋውም።

«ጓድ እህተማርያም» አለኝ በኮሪደሩ፣ ጣቱን ገጹ ላይ ሰክቶ። «ይሄ ‹ቸርች› እዚህ ምን ይሠራል?»

«ኧረ ምንም አይደል ጓድ! ስለ ድሮው ነው።»

«ከሆነ ጥሩ። ዛሬ ውይይት ክበብ ላይ በአማርኛ ታነቢልናለሽ።» ደብተሩን ብብቱ ሥር ወሽቆ ሄደ።

ከዚያ እስከ አሥር ሰዓት ምን እንዳስተማርኩ አላውቅም።

የሰኞ ውይይት ክበብ ላይብረሪ ውስጥ ነው የሚደረገው። አስተማሪው፣ ጸሐፊው፣ ዘበኛው ሁሉ ይገኛል። ዋና ሥራው ሂስና ግለ ሂስ ነው። ግለ ሂስ ማለት ተነስቶ የራስን ጥፋት መናገር ነው፣ ግን ሁላችንም ብልሃቱን እናውቃለን፤ ጨዋ ጨዋ ጥፋት ይዘህ ትነሳለህ። የእኔ «ስብሰባ አረፍዳለሁ» ነበረች፤ ሁለት ዓመት ተገልግዬባታለሁ። ባፈና ብቻ ነበር ይሄ ያልገባው። ተራው ሲደርስ ባርኔጣውን አውልቆ፣ በዚያ ወንዱን ሴት ሴቱን ወንድ በሚያደርግ አማርኛው፣ «ሦስት ሚስማር ሳላስፈቅድ ወደ ቤት ወስጄ ነበር፤ መልሻለሁ፤ ይቅርታ» ይላል። እኛ እንስቃለን። ለካ ሰውየው የለመደው የጸሎት ቤታቸውን ምስክርነት ነው፤ እዚያ ሰው ከተነሳ ያለውን ሁሉ ይናገራል።

ያን ቀን ባፈና እንደ ወትሮው በሩ አጠገብ፣ ራሱ በሠራው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ስብሰባውን የሚመራው ዳይሬክተራችን አቶ ሳህሉ ነው፤ ጥላውን የሚፈራ ሰው፣ ስሙን ሲጠሩት እንኳ የሚደነግጥ። ወንዳፈረው ደብተሩን ሰጠኝ።

«አንብቢ። ሁሉም ይስማ።»

ተነሳሁ። አስተማሪዎቹ ሁሉ እንግሊዝኛ ያውቃሉ፣ ደብተሩ ግን እኔ እጅ ነው። ደረቴ ላይ አስጠግቼ ያዝኩትና ዋሸሁ። እንዴት አድርጌ ዋሸሁ! ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

«‹አባቴ እንጨት ሲልግ ልኩን ለራሱ ያንሾካሹካል›» አልኩ። «‹እናቴ ኑሮ ተወደደ ብላ ታማርራለች፤ በአሻጥረኛ ነጋዴ ላይ ታጉረመርማለች።›»

«ትክክል ናት» አለ ወንዳፈረው።

ይሄኔ ልቤ ሞቀ። ቁጡ ሰው ደግሞ ሲሞቀው ማቆሚያ የለውም። «‹ቤተ ክርስቲያኑ ከተዘጋ ወዲህ ጊዜያችንን ለቁም ነገር አዋልነው። ሐሙስ ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዎች ቤታችን ይሰበሰቡና በየሥራቸው ላይ ግለ ሂስ ያደርጋሉ›» አልኩ።

ወንዳፈረው ከወንበሩ ብድግ አለ። «ምን? በግል ተነሳሽነት? በመኖሪያ ቤት?»

«እንደዚያ ነው የሚለው።»

«ይሄ ቀዩስ ምንድን ነው?»

«አንድ ዓረፍተ ነገር ጎድሎባት ነው።»

«ትሙላው! እንዲህ ያለች ልጅ ሙሉ ማርክ ነው የሚገባት።» ወንዳፈረው ማጨብጨብ ጀመረ፣ ቤቱ ተከተለው። እኔም ላቤን እየጠረግሁ አጨበጨብኩ። ተርፈናል ስል፣ ሰውየው ወደ በሩ ዞረ።

«ጓድ ባፈና! እኛ የተማርን ነን ባዮቹ ያላሰብነውን አንተ ቤትህ አቋቁመሃል። ተነስና ተሞክሮህን አካፍለን።»

አቤት የደነገጥኩት ድንጋጤ! ትንሽ ብዋሽ ኖሮ ሰውየው አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠ ይቀር ነበር። እኔ አጋንኜ፣ አሳምሬ፣ እኔው አስነሳሁት። ዓይኑን በዓይኔ ፈለግሁ። «በል ‹አዎ ነው› ብለህ ተቀመጥ» አልኩት በልቤ፣ «እባክህ፣ ስለ ማርያም!»

ባፈና ባርኔጣውን አወለቀ። ለአፍታ እኔን አየኝ፤ ፊቱ ላይ ቁጣ የለም። ከዚያ እጆቹን አጣምሮ ተናገረ።

«ጓዶች፣ እኔ ግለ ሂስ ቤቴ አላቋቋምኩም። ሐሙስ የምንሰበሰበው ለጸሎት ነው። ኃጢአታችንን እንናዘዛለን። እንዘምራለን፣ በቀስታ። ለመንግሥትም እንጸልያለን። ሌላ ተሞክሮ የለኝም።»

ወንዳፈረው አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ለመቆጣት እንኳ ጊዜ ወሰደበት።

«ስማቸውን ጥራ!»

«ስለ ራሴ ነው የተናገርኩት። የሰዎቹን ስም አልናገርም።»

ወንዳፈረው ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ! ደብተሩ ላይ ያለው ይሄ ነው?»

«አይደለም» አልኩ። «እንዳነበብኩት ነው።»

ደብተሩን ከእጄ ነጥቆ ለአቶ ሳህሉ ወረወረለት። «አንተ አንብበው! ልክ ነች?»

በቃ፣ አለቀልን አልኩ። ስለ ሳህሉ የማውቀው ፈሪነቱን ብቻ ነበር። መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ከላይ እስከ ታች አነበበ።

«እንዳነበበችው ነው» አለ።

ሰው ለካ አብረውት ሰባት ዓመት ሠርተው አያውቁትም! ወንዳፈረው አሁንም አላመነም፤ ወደ ባፈና ተመለሰ።

«እነዚህ ሰዎች ዋሽተዋል?»

«እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም» አለ ባፈና። «የማላውቀውን አልመሰክርም።»

ይሄም እውነት ነው! እያየሁት ራሴን ያዝኩ። ሰውየው እኛን ያዳነን አንዲት ቃል ሳይዋሽ ነው። ሁለት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ተጠርተው መጡ። ባፈና ባርኔጣውን አደረገ፣ አግዳሚውን ወደ ግድግዳው አስጠጋ፣ በመሀላቸው ሆኖ ወጣ። አሥራ አራት ወር ታስሮ ነው የተፈታው።

ወንዳፈረው ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ከኋላቸው ሮጠ። ገጹን ቀድጄ፣ በጣጥሼ፣ ሽንት ቤት ጣልኩት። ከዚያ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ማዘን ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ተናድጄም ነበር። ምን አለበት «አዎ» ቢል! ልጅ የለውም? ሚስት የለውም? እኔ ነፍሴን አስይዤ የዋሸሁለትን እሱ በአንድ አፍ ያፈርሰዋል? ሌሊቱን ሙሉ ስራገመው አደርኩ። ሊነጋጋ ሲል ግን የምራገመው ራሴን ነበር።

ጣቢታ በማግስቱ ትምህርት ቤት መጣች። ቀና ብዬ ላያት አፈርኩ። በዕረፍት ሰዓት ቆጮና ጎመን በዘንቢል ይዛ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ትሄዳለች፣ ደወል ሳይደወል ትመለሳለች። አንድም ቀን አላረፈደችም።

ዓርብ ትምህርት ሲያልቅ ሁሉም ወጥቶ እሷ ቀረች። አዲስ ደብተር ይዛ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመች።

«ምን ሆንሽ?» አልኳት።

«ማረሚያዬን ላሳይ ነው ቲቸር።»

«የምን ማረሚያ?»

«የስምንተኛው ቃል። በቀይ ተሰምሮበት ነበር።»

እኔ የምገባበት አጥቼ፣ ልጅቷ ማረሚያ! «ተይው ጣቢታ። እሱ ቀርቷል» አልኳት።

«ሰባቱ ትክክል ነበሩ። የጎደለው አንድ ነው። አሁን አገኘሁለት።» ደብተሩን ገልጣ አስቀመጠችልኝ። «ስንቅ ሳደርስ አባቴ እርስዎ ያነበቡትን ነገረኝ። እኔ ደግሞ የጻፍኩትን ነገርኩት። ኮሪደር ላይ ያሉትንም ራሴ ሰምቻለሁ፤ በመስኮቱ በኩል ነበርኩ።»

ዝቅ ብዬ አነበብኩ። በእንግሊዝኛ፣ በዚያው በሚያምር ጽሕፈቷ፣ ሁለት መስመር ነው።

«ቲቸሬ እኛን ለማዳን ሦስት ጊዜ ካደች። ሐሙስ ሐሙስ እንጸልይላታለን።»

ሐሙስ! አባትየው ታስሮ፣ ቤቱ በዓይን እየተጠበቀ፣ አሁንም ሐሙስ! ደግሞም ጽፋዋለች! ክው ብዬ በሩን አየሁ። ልቆጣ፣ ልጮህባት፣ ጆሮዋን ልይዝ ተነሳሁ። እጄ እምቢ አለኝ። ልጅቷ ቀይ እስክሪብቶዬን እያየች ትጠብቃለች።

«ልክ አይደለም ቲቸር?»

«ልክ ነው» አልኳት። ምልክት አደረግሁ፤ ስምንት ከስምንት ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ገጹን ከደብተሯ ቀደድኩት።

«ከአሁን ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር አትጽፊም። እኔ እውነት ጻፉ ብልሽም አትጽፊም። ቃል ግቢልኝ።»

«ቃል ከገባሁ መጠበቅ አለብኝ» አለች። «አባቴን ልጠይቀው።»

ዘንቢሏን አንስታ ሄደች። ገጹን እንደ መጀመሪያው ልጥለው እስከ ሽንት ቤቱ በር ድረስ ወሰድኩት፤ አቃተኝ። እቤት ወስጄ ከማርያም ሥዕል ጀርባ ደበቅኩት። በዚያ ዓመት ቤታችን ሁለት ጊዜ ተፈተሸ። ፈታሾቹ ሥዕሉ ፊት ሲቆሙ፣ አንስተው «ይሄ ምንድን ነው?» ቢሉኝ ምን እንደምል አላውቅም ነበር። ዛሬም አላውቅም።